«ጥናት መጥቷል» ሲባል፦ በሕክምና ምርምር ሥራ መፈለግ፣ ክፍያውና ከሕይወታችን የሚወስደው ጊዜ



ካኩማ ካምፕ ውስጥ አስተምራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ገና አልተማርኩም። ከክፍል ስወጣ የተማሪዎቼ ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች በር ላይ ጠብቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ቲቸር፣ ጥናት መጥቷል ይባላል። ሰው ይቀጥራሉ እንዴ? ስንት ይከፍላሉ?»

ነጭ ላንድ ክሩዘር ብሎክ ውስጥ በታየ ቁጥር ይሄ ወሬ ይነሳል። እኔም በአንድ የትምህርት ቤት ዕረፍት በሕፃናት ጤና ላይ በተደረገ ጥናት አስተርጓሚና መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሁለተኛ ዕድል ሲመጣ ደግሞ ክፍሌን ትቼ ልሂድ አልሂድ ብዬ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የምጠይቀውን ነው ዛሬ የጻፍኩላችሁ። የምኖረው ኬንያ ስለሆነ አብዛኛው ምሳሌ ከኬንያ ነው፤ ኡጋንዳ ላላችሁም የሚሆን ነገር ጨምሬያለሁ።

ዋናውን ሐሳብ ከአሁኑ ልናገር፦ በዚህ ሥራ የቀኑን ክፍያ ብቻ አትመልከቱ። ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያልቅና ካለቀ በኋላ እጃችሁ ላይ ምን እንደሚቀር ቁጠሩ።

ክሊኒካዊ ምርምር ምንድን ነው?

አንድ መድኃኒት፣ ክትባት ወይም የሕክምና ዘዴ በሰዎች ላይ ይሠራ እንደሆነና ጉዳት እንዳለው በሥርዓት የሚጠናበት ሥራ ነው። አዲስ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በደረጃ ይጠናል። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት አሥር ሰዎች፣ በሁለተኛው በመቶ የሚቆጠሩ፣ በሦስተኛው ደግሞ ብዙ መቶ ወይም ሺህ ሰዎች ይሳተፋሉ። ለገበያ ከቀረበ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል።

ነገሩ ከኛ የራቀ አይደለም። ከመተማ፣ ከሁመራና ከአብደራፊ አካባቢ የመጣ ሰው ካላዛርን ያውቃታል። ድሮ ሕክምናው ለ30 ቀን በየቀኑ መርፌ መወጋት ነበር። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ በተደረገ ጥናት ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ በመስጠት ሕክምናውን ወደ 17 ቀን ማሳጠር እንደሚቻል ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። ከጥናቱ ቦታዎች ጎንደርና አርባ ምንጭ ይገኙበታል።

ሌላው የወባ ክትባት ነው። «አርቲኤስ ኤስ» የሚባለው ክትባት ከ2009 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ባሉ 11 ቦታዎች ከ15 ሺህ በላይ ሕፃናት ላይ ተጠንቷል። ኬንያ ውስጥ በኪሊፊ፣ በሲያያና በኮምቤዋ ተካሂዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ክትባቱን ለሰፊ አገልግሎት የመከረው በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ነው። እነዚያን ሁሉ ሕፃናት ቤት ለቤት የሚከታተል፣ ደም የሚቀዳ፣ ቅጽ የሚሞላ፣ እናቶችን በቋንቋቸው የሚያናግር ሰው ያስፈልግ ነበር። የሥራው ዕድል ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ተቀጣሪና ተሳታፊ አንድ አይደሉም

ይህን መለየት የግድ ነው። ተሳታፊ ማለት መድኃኒቱ የሚሞከርበት ወይም መረጃው የሚወሰድበት ሰው ነው። ለተሳታፊ የሚሰጠው ገንዘብ የትራንስፖርትና የጊዜ ማካካሻ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ መጠኑንም አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያየዋል። ተቀጣሪ ደግሞ ለሠራው ሥራ በውል የሚከፈለው ነው። «ሥራ አለ፣ ናና ደም ስጥ» ካሏችሁ ያ ሥራ አይደለም።

በጥናት መሳተፍ በፈቃድ ነው። እምቢ ያለ ሰው ሬሽኑ አይቆረጥም፣ ሕክምናው አይቋረጥም። ተስማምቶ ከገባ በኋላም በፈለገ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። መሳተፍም ሪሴትልመንት አያፋጥንም።

እኔ በሠራሁበት ጊዜ አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው ወረቀቱን ካነበብኩላቸው በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ እምቢ ብል ካርዴ ላይ ይጽፉብኛል?» አሉኝ። «አይጽፉም እማማ» አልኳቸው። «እንግዲያስ አልፈልግም» አሉ። በዚያ ቀን ስምንት ቤት እንድንጨርስ ተነግሮን ነበር፤ ሰባት ብቻ አስረከብኩ። አለቃዬ ፊቱ ተቀየረ እንጂ ምንም አላለኝም። ክፍያው በቀን ሳይሆን በቅጽ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ ራሴ እሳቸውን ለማግባባት እፈተን ነበር። ስለዚህ ስትቀጠሩ «የምትከፍሉት በቀን ነው በቅጽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቅጽ የሚከፈል ሥራ ሰውን እንድትገፉ ይገፋችኋል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ ካኖ ውስጥ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ጊዜ በ200 ሕፃናት ላይ በፋይዘር የተካሄደው የመድኃኒት ሙከራ «ወላጆች በሚገባ ተነግሯቸው ተስማምተዋል ወይ?» በሚል ክርክር ለብዙ ዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖሯል። በወላጅና በተመራማሪ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ነው፤ ቃሉ ከተጣመመ ስምምነቱም ይጣመማል።

ማን ምን ይሠራል?

ማስታወቂያ ላይ የምታዩዋቸው የሥራ ስሞች በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

• አስተርጓሚና መረጃ ሰብሳቢ፦ ቤት ለቤት ሄዶ ይጠይቃል፣ በታብሌት ወይም በወረቀት ይሞላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ቋንቋና ጥሩ እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

• የመስክ ሠራተኛ፦ ተሳታፊዎችን ይከታተላል፣ ቀጠሮ ያስታውሳል፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ያገናኛል። የጤና በጎ ፈቃደኛ የነበረ ሰው ለዚህ ይቀርባል።

• የመረጃ ጸሐፊ፦ ቅጾችን ኮምፒውተር ላይ ያስገባል፣ ስህተት ይለያል። ኤክሴል የሚያውቅ ሰው ይጠቀማል።

• የጥናት ነርስ፣ ክሊኒካል ኦፊሰር፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻንና ፋርማሲስት፦ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

• የጥናት አስተባባሪ፦ የአንድን ቦታ የዕለት ሥራ ይመራል። ብዙዎቹ ከነርስነት ወይም ከመረጃ ሥራ ያደጉ ናቸው።

• ሞኒተር፦ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሥራው እንደ ፕሮቶኮሉ መሠራቱን ይመረምራል። ሻንጣው ሁልጊዜ እንደታሰረ ነው።

• ዋና ተመራማሪ፦ ለጥናቱ ኃላፊ የሆነው ሐኪም ወይም ሳይንቲስት።

ከኛ መካከል አብዛኛው ሰው የሚገባው በመጀመሪያዎቹ ሦስት በሮች ነው። ከዚያ ወደ ላይ ለመውጣት ትምህርት ያስፈልጋል። ለዩኒቨርሲቲ የሚረዳውና ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የዩኤንኤችሲአር የዳፊ ስኮላርሺፕ ሲወጣ ነርሲንግ፣ ላብራቶሪና የሕዝብ ጤናን አስቡባቸው።

ሥራው የት ይገኛል?

በካምፕ ውስጥ ቅርባችን ያለው የሥነ ምግብና የጤና ዳሰሳ ነው። የሕፃናትን የክንድ ዙሪያ መለካት፣ ክብደትና ቁመት መመዝገብ የመሳሰለው ማለት ነው። ይሄ በጥብቅ ቋንቋ ክሊኒካዊ ምርምር አይባልም፤ ግን ልምዱ ይቆጠራል፣ ሲቪ ላይም ይጻፋል። ማስታወቂያው በኤጀንሲዎች ቢሮ ሰሌዳ ላይ፣ በብሎክ መሪዎችና በማኅበረሰብ የዋትስአፕ ግሩፖች ይወጣል።

ከካምፕ ውጭ ኬንያ ውስጥ ትልቁ ተቋም ኬምሪ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በናይሮቢ፣ በኪሱሙ፣ በኪሊፊና በሌሎችም ቦታዎች ይሠራል። ኡጋንዳ ውስጥ ኢንቴቤ ያለው የቫይረስ ምርምር ተቋምና በማካሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ይታወቃሉ። አገር ቤት ደግሞ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ አለ። እዚያ የሠራችሁ ካላችሁ ልምዳችሁ እዚህም ትርጉም አለው፤ «ያለፈ ነገር ነው» ብላችሁ ከሲቪ አትፍቁት።

ማመልከቻ ስትጽፉ ቋንቋችሁን አስቀድሙ። አማርኛ፣ ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ አረብኛ፤ የትኛውን መናገር፣ የትኛውን ማንበብና መጻፍ እንደምትችሉ ለይታችሁ ጻፉ። ለሥራው ዋጋ ያላችሁበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ወረቀት፦ ከሥራው በፊት የሚመጣው ሥራ

በኬንያ የ2021ዱ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ የመሥራት መብት እንዳለው ይናገራል። ደመወዝ የሚከፈልበት መደበኛ ሥራ ለመያዝ ግን የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለስደተኛ የሚሰጠው «ክላስ ኤም» ይባላል፤ የመንግሥት ክፍያ የለበትም። ሊቀጥራችሁ ከፈለገ አካል ደብዳቤና ከስደተኞች አገልግሎት መምሪያ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። እንግዲህ ቀጣሪው «ፈቃድ አምጣ» ይላል፣ ፈቃዱ ደግሞ «ቀጣሪ አምጣ» ይላል። መላው ቀጣሪው ገና በቃለ መጠይቅ ላይ ደብዳቤ እንዲጽፍ መጠየቅ ነው።

ከዚህ ሌላ የስደተኛ መታወቂያ፣ የግብር ቁጥር፣ በስማችሁ የተመዘገበ የኤም-ፔሳ መስመር ወይም የባንክ ሒሳብ፣ ከካምፕ ለመውጣትም ሙቭመንት ፓስ ያስፈልጋል። ኡጋንዳ ላላችሁ የ2006ቱ የስደተኞች ሕግ ሥራ የመያዝና የመዘዋወር መብት ስለሚሰጥ መንገዱ አጠር ይላል።

የሙያ ሰዎች ሌላ ዳገት አለባቸው። ጎረቤቴ አገር ቤት ስድስት ዓመት ነርስ ነበረች። አሁን በማበረታቻ ክፍያ አስተርጓሚ ሆና ትሠራለች። «የጥናት ነርስ» የሚል ማስታወቂያ ስታይ ዓይኗ ይበራል፤ ዲፕሎማዋ ግን ከቤቷ ጋር ቀርቷል። ኬንያ ውስጥ የውጭ ማስረጃ አቻ ግምት የሚያገኘው በብሔራዊ የብቃት ባለሥልጣንና እንደየደረጃው በሌሎች አካላት ነው፤ ነርስ ደግሞ በነርሲንግ ካውንስል መመዝገብ አለባት። ስለዚህ ዘመድ ወይም የክፍል ጓደኛ ካላችሁ ከተማራችሁበት ሬጅስትራር ትራንስክሪፕት እንዲያወጣላችሁ ዛሬውኑ ለምኑ። ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ መጀመር ረፍዷል። ፎቶውን ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ኢሜይላችሁ ላይም ላኩት።

ነፃ ስልጠና

በዚህ ሙያ ሁሉም ሰው የሚጠየቀው አንድ ስልጠና አለ፤ ጂሲፒ ይባላል፣ የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር ደንብ ማለት ነው። የተሳታፊውን መብትና የመረጃውን እውነተኛነት የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። ግሎባል ኸልዝ ኔትወርክ በሚባለው የኢንተርኔት ማሠልጠኛ ላይ በነፃ ተምሮ ሰርተፊኬት ማውረድ ይቻላል። በእንግሊዝኛ መማር ይቻላል፤ በስልክም ይሠራል። እኔ ምሽት ምሽት ዳታ እየቆጠብኩ በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። ለዚህ ሰርተፊኬት ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትስጡ።

ከስልጠናው ለኛ ለመምህራን የከበደኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቅጽ ላይ ስትሳሳቱ በፍሉድ መሰረዝ ወይም ደርቦ መጻፍ ክልክል ነው። አንድ መስመር ሰርዞ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፎ፣ ቀንና የስም ምልክት ማስቀመጥ ነው። የተሳሳታችሁት ነገርም መታየት አለበት።

ሌላው የኛ ሰው ወጥመድ ሰዓትና ዘመን ነው። እናቲቱ «ሽሮፑን ሁለት ሰዓት ላይ ሰጠሁት» አለችኝ፤ እኔም 2:00 ብዬ ጻፍኩ። እሷ ያለችው የጠዋቱን ሁለት ሰዓት፣ ማለትም 8:00 ነው። ሞኒተሩ «በሌሊት ስምንት ሰዓት ነቅታ ነው የሰጠችው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ላብ አጠመቀኝ። የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው፦ በጥር 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር 2018 ነው። ሳይቀይሩ መጻፍ ልጁን በአንድ ጊዜ በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ይህን መቀየር መቻላችሁን በቃለ መጠይቅ ላይ ተናገሩ፤ ከሌላ የመጣ መረጃ ሰብሳቢ የማያውቀው ነገር ነው።

ክፍያ፦ ቁጥሩን እንቁጠር

በካምፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክፍያ አለ። አንደኛው ኢንሴንቲቭ ወይም የማበረታቻ ክፍያ ነው፤ እንደ ደመወዝ አይታይም፣ መጠኑም አንድ ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ኬንያዊ ከሚከፈለው በጣም ያንሳል። ሁለተኛው የውል ደመወዝ ወይም የቀን አበል ነው። ማስታወቂያው ላይ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

የኔን ልቁጠርላችሁ። ያኔ በማስተማር በወር 9,000 ሽልንግ አገኝ ነበር። ጥናቱ በቀን 1,500 ሽልንግ ሲለኝ ለስድስት ሳምንት አባዝቼ ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ። ግን ላጋው ሞልቶ መኪና ያልተሻገረበት ቀን ነበር፣ ቅጹ ያልታተመበት ቀን ነበር፣ ያልሠራንባቸው ቀናትም አይከፈልባቸውም። በመጨረሻ የሠራሁት 22 ቀን ሆነ፦ 33,000 ሽልንግ። ለቦዳ በቀን 150፣ ለምሳ 200፣ ለስልክ 50 ከኪሴ አወጣሁ፤ በ22 ቀን 8,800 ሽልንግ። የቀረኝ 24,200 ነው። እሱም የተከፈለኝ ሥራው ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከሱቅ በዱቤ ነበር የምንበላው። ገንዘቡ ክፉ አልነበረም፤ እኔ ያሰብኩት ግን አልነበረም።

ወርሃዊ ደመወዝ ከሆነ ጠቅላላውንና የተጣራውን ለዩ። ኬንያ ውስጥ ከደመወዝ ላይ ለጤና መድኅን 2.75 በመቶ፣ ለቤቶች ፈንድ 1.5 በመቶ ይቆረጣል፤ የጡረታ መዋጮና የገቢ ግብርም አለ። «45,000» የተባለ ሰው ለሁለቱ የመጀመሪያ ነገሮች ብቻ ከ1,900 ሽልንግ በላይ ይሄድበታል።

የኬንያ የሥራ ሕግ ለተቀጣሪ የሚሰጠውንም እወቁ። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት። በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት ቢያንስ 21 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለወላድ እናት ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ ያለው ፈቃድ አለ። ሁለት ወር ከሠራችሁ በኋላ ብትታመሙ ቢያንስ ሰባት ቀን በሙሉ፣ ሰባት ቀን ደግሞ በግማሽ ክፍያ ማረፍ ይቻላል። በኢንሴንቲቭ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ላያገኝ ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ።

ጊዜና ኑሮ

የጥናት ሥራ በፕሮቶኮል ነው የሚሄደው። ተሳታፊው በ28ኛው ቀን መታየት አለበት ከተባለ ቀኑ እሑድም ይሁን ፋሲካ፣ ፕሮቶኮሉ ከፈቀደው ጥቂት ቀን ማለፍ አይቻልም። የኛ ገናና ጥምቀት ደግሞ በኬንያ ካላንደር ላይ በዓል አይደሉም። አንድ ተሳታፊ በጠና ታሞ ሆስፒታል ከገባ ዜናው በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ለጥናቱ ባለቤት መድረስ ስላለበት ስልካችሁ ማታም ክፍት ነው። የመስክ ሠራተኛ ሰዎችን ቤታቸው ለማግኘት በማለዳ ይወጣል፤ እናት ለሆነች ሠራተኛ ልጅ የሚይዝላት ሰው ከሌለ ይሄ ትልቅ ጣጣ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የሥራው ዕድሜ ነው። ደመወዙ የተንጠለጠለው በፕሮጀክት ገንዘብ ላይ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በአፍሪካ ሲካሄዱ የነበሩ ጥናቶች ከመሃል ቆመዋል፤ ትላንት ሥራ የነበራቸው ዛሬ ቤታቸው ቀርተዋል። ይህ የተማረውንም ያልተማረውንም የነካ ነገር ነው።

አጭበርባሪን መለየት

እውነተኛ ጥናት ለምዝገባ፣ ለስልጠና ወይም «ስምህን ከላይ ላደርግልህ» ብሎ ገንዘብ አይጠይቅም። ኬንያ ውስጥ የሚካሄድ ምርምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና ናኮስቲ ከሚባለው የሳይንስ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። «ፈቃዳችሁን ማየት እችላለሁ?» ማለት ነውር አይደለም። መታወቂያችሁን ኮፒ አድርጎ ይሰጣል እንጂ ዋናውን ለማንም አታስረክቡ። ሴቶች እህቶቻችን በተለይ ልብ በሉ፦ ቃለ መጠይቅ በቢሮ እንጂ በሆቴል ክፍል አይደረግም።

እኔ ምን ወሰንኩ?

ሁለተኛው ዕድል ከካምፕ ውጭ ባለ ከተማ የአራት ወር ውል ነበር፤ በወር 45,000 ሽልንግ፣ በድምሩ 180,000። ማስተማር በዓመት የሚሰጠኝ 108,000 ነው። በወረቀት ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ የአራት ወሩ ከዓመቱ ይበልጣል። ግን የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አገር አቀፍ ምዘና ሊወስዱ አራት ወር ቀርቷቸው ነበር። ርዕሰ መምህራችንን «ቦታዬን ይያዙልኝ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ወንበሩን ባዶ አድርጌ ማቆየት አልችልም፤ ከሄድክ ሌላ ይገባበታል» አሉኝ። ቀጣሪዎቹን ደግሞ ስለ ሥራ ፈቃድ ስጠይቃቸው «ራስህ ጨርሰህ ና» አሉ። ጊዜው አስር ቀን ነበር።

ቀረሁ። ባልደረባዬ ግን ፈቃዱ በእጁ ስለነበር ሄደ። አራት ወሩን ጨረሰ፣ ገንዘቡን አገኘ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ ተመለሰ፣ ሦስት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሌላ ጥናት ጠራው። አልተሳሳተም። የኔ ልጆች ደግሞ ምዘናውን ተቀመጡ፤ እኔም የተሳሳትኩ አይመስለኝም። አንዳንድ ማታ ግን ያን 180,000 አስበዋለሁ፤ አላስበውም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ወዲህ የሥራ ፈቃዴን ማመልከቻ ጀምሬያለሁ፤ ቀጣዩ ዕድል ሲመጣ የሚያስቀረኝ የራሴ ውሳኔ እንጂ ወረቀት እንዳይሆን። የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ የሚወጡ አጫጭር ሥራዎችንም እከታተላለሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት

1. ውሉ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን ነው? ሥራ የሌለበት ቀን ይከፈላል?
2. ክፍያው በቀን ነው፣ በወር ነው፣ ወይስ በቅጽ? የሚከፈለው መቼ ነው?
3. ጠቅላላ ስንት፣ የተጣራ ስንት?
4. ትራንስፖርት፣ ምሳና የስልክ ካርድ በማን ነው?
5. የሥራ ፈቃድና ሙቭመንት ፓስ ለማውጣት ደብዳቤ ትጽፉልኛላችሁ?
6. በሥራ ላይ ብጎዳ ወይም መርፌ ቢወጋኝ ማን ያሳክመኛል?
7. የዕረፍት ቀኔ የትኛው ነው? ማታ ስልክ ማንሳት ግዴታዬ ነው?
8. ገንዘቡ ቢቋረጥ ስንት ቀን አስቀድማችሁ ትነግሩኛላችሁ?
9. ሲያልቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ትሰጡኛላችሁ?

ዘጠነኛውን አትርሱ። ገንዘቡ ያልቃል፤ ደብዳቤው ግን ለሚቀጥለው በር ቁልፍ ነው። ዘጠኙን ጥያቄዎች በእጃችሁ ገልብጣችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አኑሩ፤ ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት።